ግራው ቻናል ዝቅ ይላል፦ በእጅ የተሠራ የቫልቭ ፕሪአምፕ፣ ባለ ኢሲሲ83

ሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በእጅ በተሠራ ፕሪአምፕ (ከፓወር አምፕ በፊት የሚገባ ማጉያ) ላይ ግራው ከቀኙ በግልጽ ዝቅ ብሎ ይሰማል። አሠራሩ ይኸው፦ ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ ኢሲሲ83 (በውስጡ ሁለት ግማሽ ያለው ቫልቭ)። የቫልቩ አንዱ ግማሽ ያጎላል፣ ሌላው ግማሽ ካቶድ ፎሎወር ነው (አያጎላም፣ ድምፁን ለመውጫው ያቀብላል)። በመካከላቸው ካፓሲተር የለም፣ ፒን 1 (የአጉሊው አኖድ) በቀጥታ ፒን 7 (የፎሎወሩ ግሪድ) ላይ ገብቷል። የአኖድ ሬዚስተር 100 ኪሎ ኦም፣ የካቶድ 1.5 ኪሎ ኦም፣ እሱን ተሻግሮ 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። የፎሎወሩ ካቶድ 100 ኪሎ ኦም 1 ዋት፣ መውጫው 1 ማይክሮፋራድ 400 ቮልት፣ ከዚያ ወደ ግራውንድ 470 ኪሎ ኦም። መግቢያው ላይ ባለ ሁለት ክፍል 100 ኪሎ ኦም ሎግ ቮልዩም አለ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 250 ቮልት ይነበባል።

ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ልዩነቱ ይብሳል፤ ጨርሶ ሲከፈት ግን አይጠፋም። ቫልቮቹን ከአዲስ አበባ በአዲስ ላስመጣ ወይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

ጣና_ዳር፦
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ሁለት ቫልቭ እኩል አለማጉላቱ ያለ ነገር ነው፣ ግን ጤነኛ ቫልቮች ከሆኑ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን ልዩነት መለኪያ) አያልፍም። አንተ የምትለው «በግልጽ» ከዚያ በላይ ይመስላል።

ከመንካትህ በፊት፦ መብራቱን ንቀል፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የፓወር ሰፕላዩን ካፓሲተር በ10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ወደ ሻሲ (የብረት ሳጥኑ) አውርድ፣ ጥቂት ሰከንድ ያዘው፣ ከዚያ በቴስተር ዲሲ (ቀጥተኛ ቮልት) ላይ አድርገህ ከ5 ቮልት በታች መውረዱን እይ። በካቻቢቴ ጫፍ ሾርት አድርጎ ማውረድ ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል። መብራት ኖሮ በምትለካበት ጊዜ ጥቁሩን ሽቦ በአዞ ክሊፕ ሻሲው ላይ እሰር፣ አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ፣ በሌላው ብቻ ለካ።

አሁን ከውጭ ወደ ውስጥ ሂድ። የመግቢያ ገመዶቹን ግራና ቀኝ አለዋውጥ። ድክመቱ ወደ ቀኝ ከሄደ ጥፋቱ የምንጩ ወይም የገመዱ ነው። ካልሄደ መግቢያውን እንደነበረ መልሰህ ፓወር አምፑን አጥፋና የመውጫውን ገመድ አለዋውጥ። አሁን ወደ ቀኝ ስፒከር ከተዛወረ ጥፋቱ ፕሪአምፑ ውስጥ ነው። ከተዛወረ በኋላ ሁሉን ነቅለህ፣ ቫልቮቹ እስኪበርዱ ጠብቀህ፣ እነሱን አለዋውጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፤ ሁለት ከቀየርክ የቱ እንዳመጣው አታውቅም።

ሽምብጥ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። እንዳሉኝ አደረግሁ። መግቢያ ሲለዋወጥ ለውጥ የለም። መውጫ ሲለዋወጥ ድክመቱ ወደ ቀኝ ስፒከር ሄደ። ቫልቮቹ ሲለዋወጡ ግራው ግራ እንደሆነ ቀረ።

ጣና_ዳር፦
እንግዲያው ቫልቮቹ ነፃ ናቸው። የቀረው ቮልዩሙ፣ ሬዚስተሮቹ፣ ካፓሲተሮቹና ብየዳው ነው።

የጊሽ_ዓባይ፦
ቮልዩሙን ተጠራጠር። ርካሽ ባለ ሁለት ክፍል ሎግ ቮልዩም መነሻው ላይ ሁለቱ ክፍሎች አብረው አይሄዱም። «ዝቅ ሲል ይብሳል» ያልከው እሱ ነው። አጥፍተህ፣ የመግቢያ ገመዱን ነቅለህ፣ ከመሐል እግሩ እስከ ግራውንድ እግሩ ያለውን ኦም ለካ፤ አንድ ጊዜ ሩብ ዙር ላይ፣ አንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ላይ። ለሁለቱም ክፍሎች።

ሽምብጥ፦
ሩብ ዙር ላይ፦ ግራ 2.1 ኪሎ ኦም፣ ቀኝ 2.9። ግማሽ ላይ፦ ግራ 14.6፣ ቀኝ 15.2።

የጊሽ_ዓባይ፦
2.9 ለ2.1 ሲካፈል 1.38፣ ማለትም 2.8 ዴሲቤል። ጥፋቱ ተገኘ፣ ቮልዩም ቀይር።

ሽቦና_ሊድ፦
ይቅርታ፣ ስሌቱ ጎደለ። ቮልዩም የሚያካፍለው በጠቅላላ ኦሙ ነውና ከዳር እስከ ዳርም መለካት አለበት። ሽምብጥ፣ ሁለቱን ጫፎች ለካልን።

ሽምብጥ፦
ግራ 96 ኪሎ ኦም፣ ቀኝ 103 ኪሎ ኦም።

ሽቦና_ሊድ፦
ጥሩ። ግራ 2.1 ለ96 ሲካፈል 0.0219፣ ቀኝ 2.9 ለ103 ሲካፈል 0.0282። ልዩነቱ 2.2 ዴሲቤል ነው። ግማሽ ዙር ላይ ደግሞ ግራው እንዲያውም ከቀኙ በሩብ ዴሲቤል ይበልጣል። ቮልዩሙ ሙሉ ሲከፈት የመሐል እግሩ ከላይኛው ጫፍ ጋር አንድ ስለሚሆን ምንም ልዩነት ማምጣት አይችልም። አንተ ግን ሙሉ ሲከፈትም ግራው ዝቅ ይላል ብለሃል። ስለዚህ ያሉት ሁለት ጥፋቶች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖታል። ቮልዩሙን ብቻ ብትቀይር ግራው ዝቅ እንዳለ ይቀር ነበር።

ቮልዩሙን ሙሉ ክፈተውና ሁለተኛውን እንፈልግ። ዲሲውን ስጠን፦ ፒን 1፣ ፒን 3 (የአጉሊው ካቶድ)፣ ፒን 8 (የፎሎወሩ ካቶድ)፣ ለሁለቱም።

ሽምብጥ፦
ግራ፦ ፒን 1 ላይ 165፣ ፒን 3 ላይ 1.28፣ ፒን 8 ላይ 167።
ቀኝ፦ 163፣ 1.30፣ 165።

የጊሽ_ዓባይ፦
ይኼ እኩል ነው። 250 ሲቀነስ 165፣ 85 ቮልት በ100 ኪሎ ኦም፣ 0.85 ሚሊ አምፔር። ለኢሲሲ83 በዚህ አሠራር መሆን ያለበት ነው። ሬዚስተሮቹ ደህና ናቸው፣ ሰርኪዩቱ ደህና ነው።

ሽቦና_ሊድ፦
ሬዚስተሮቹ ደህና ናቸው በሚለው እስማማለሁ፣ ሰርኪዩቱ ደህና ነው በሚለው ግን አልስማማም። ዲሲ እኩል መሆኑ ኤሲው (የድምፁ ሞገድ) እኩል ለመጉላቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካፓሲተር ዲሲ አያሳልፍም። ስለዚህ አንድ ካፓሲተር ሾርት ሳያደርግ እንዲሁ ቢቋረጥ ዲሲው ቅንጣት አይነቃነቅም።

ኤሲውን እንለካ። ስልክ ላይ የድምፅ ሞገድ የሚያወጣ አፕ ጫን፣ ሳይን 400 ኸርዝ። ከስልኩ ጃክ ጫፉን ብቻ ውሰድና ወደ ሁለቱም መግቢያ አካፍለው። የስልኩን ግራና ቀኝ አንድ ላይ አታስር፣ የስልኩን አምፕ ያጨናንቀዋል። ድምፁን ቀኝ መውጫ ወደ 11 ቮልት እስኪያነብ ከፍ አድርግ፣ ከዚያ ሳትነካው ግራውን ለካ። ፓወር አምፑ የተነቀለ ይሁን። ቴስተርህ ምን ዓይነት ነው?

ሽምብጥ፦
ቢጫዋ ርካሽ ናት፣ ኤሲዋ 200 እና 750 ቮልት ብቻ።

ሽቦና_ሊድ፦
ትበቃለች፣ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ኤሲን የምታምነው እስከ 400 ኸርዝ ነው፤ ለዚህ ነው 1000 ያላልኩህ። ሁለተኛ፣ ኤሲ ላይ አድርገህ ፒን 1ን ወይም ፒን 8ን በቀጥታ እንዳትለካ። ይህቺ ቴስተር ዲሲውን አታግድም፣ 165 ቮልቱን ከኤሲው ጋር ደባልቃ የውሸት ቁጥር ታሳይሃለች። ከመውጫ ካፓሲተሩ ማዶ ለካ። ውስጥ መለካት ካስፈለገህ 0.1 ማይክሮፋራድ 630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር በቀዩ ሽቦ ጫፍ ላይ በተከታታይ ጨምር።

ሽምብጥ፦
ቀኝ 10.8፣ ግራ 5.9።

ጣና_ዳር፦
10.8 ለ5.9፣ 1.83 እጥፍ። 5.2 ዴሲቤል ገደማ። ልጄ፣ ይህን ቁጥር ያየ ሰው ወዲያው የካቶዱን ካፓሲተር ይጠይቃል። ኢሲሲ83 በ100 ኪሎ ኦምና በ1.5 ኪሎ ኦም፣ ካፓሲተሩ ካለ 55 እጥፍ ገደማ ያጎላል፤ ካፓሲተሩ ከሌለ 30 እጥፍ። 55 ለ30 ራሱ 1.83 ነው።

ዘጌ_ማዶ፦
የመውጫው 1 ማይክሮፋራድ ቢሆንስ? እሱም ዲሲ አይቀይርም።

ሽቦና_ሊድ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። የመውጫው ካፓሲተር አቅሙ ቢወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው የታችኛው ድምፅ ነው፣ 400 ኸርዝ ላይ በዚህ መጠን አይቀንስም። ፈጽሞ ቢቋረጥ ደግሞ ግማሽ ሳይሆን ዜሮ ነበር የምናየው።

ሽምብጥ፣ ሳትፈታው አንድ ልኬት ጨምር። 100 ኸርዝ ላይ ድገመው። የካቶዱ ካፓሲተር ደርቆ ወደ 1 ማይክሮፋራድ ወርዶ ከሆነ፣ 100 ላይ ልዩነቱ ሰፊ፣ 400 ላይ ጠባብ ይሆናል፤ ጆሮም ግራውን «ቀጭን» ብሎ ይሰማዋል። ፈጽሞ ተቋርጦ ከሆነ ግን በሁለቱም ላይ ልዩነቱ ያው ነው።

ሽምብጥ፦
100 ላይ፦ ቀኝ 10.8፣ ግራ 5.9። ያው።

ሽቦና_ሊድ፦
ተቋርጧል። ንቀል፣ አውርድ፣ ከዚያ ደህና መሆኑን የምታውቀውን 22 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት በአዞ ክሊፕ ከግራው 1.5 ኪሎ ኦም ጎን አስገባ፣ ፕላሱ ወደ ፒን 3፣ ማይነሱ ወደ ግራውንድ። ከዚያ አብራና ለካ።

ሽምብጥ፦
ግራ 10.7!

ጣና_ዳር፦
አሁን ካፓሲተሩን ከመጣልህ በፊት ብየዳውን እይ። ጭራሮ ውሰድ፣ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ መፋቂያ ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና ወደዚያ አታስጠጋ። ሞገዱ እየገባ፣ ፓወር አምፑ በትንሹ ተከፍቶ፣ የካፓሲተሩን እግር በጭራሮው ጫን አድርግ። ድምፁ ከዘለለ ብየዳው ነው። አጥፍተህ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ተመልከት፦ ጤነኛ ብየዳ ያበራል፣ ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው) ከእግሩ ጋር ተያይዞ ወደ ላይ እየቀጠነ ይወጣል። የታመመው ግራጫ ነው፣ እግሩን እንደ ቀለበት የከበበ ስንጥቅ ይታይበታል፣ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ እንደቆመ ጭራሮ ነው።

ሽምብጥ፦
ቀለበቱ አለ። በማይነሱ እግር፣ ግራውንድ ሽቦው ላይ። በጭራሮ ሲነካ እግሩ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፣ ሊዱ ባለበት ይቆማል። ካፓሲተሩ ራሱ ወጥቶ ሲለካ 21 ማይክሮፋራድ ነው።

ሽቦና_ሊድ፦
ግራውንድ ላይ መሆኑ የተለመደ ነው። የግራውንዱ ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይወስደዋል፣ ሊዱ የቀለጠ ይመስላል እንጂ ሽቦውን አልያዘም። አሮጌውን ሊድ ምጠጥ፣ እግሩን በቢላ ጫፍ እስኪያበራ ፋቅ፣ መጀመሪያ እግሩን ብቻውን ሊድ አልብሰው። ከዚያ ወፍራሙን ሽቦ በመበየጃው እስኪሞቅ ያዝና ሊዱን ወደ ሽቦው ስጥ፣ ወደ መበየጃው ጫፍ አይደለም። እስኪረጋ አትንካው። የቀሩትንም ግራውንድ ብየዳዎች በአንድ ላይ ድገማቸው፣ በአንድ እጅና በአንድ ቀን የተበየዱ ናቸውና።

ዘጌ_ማዶ፦
ለባሕር ዳር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ዳር በክረምት እርጥበቱ ከባድ ነው፤ እየመጣ የሚሄድ ጥፋት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ከእንጨትና ከካርቶን ዘር የተሠራ አሮጌ የሬዲዮ ሰሌዳ ላይ የበየደ ሰው፣ በ165 ቮልቱና በግሪዱ መካከል እርጥበት ይሾልክበታል። ምልክቱ፦ ጠዋት አንድ ቻናል ይንኮሻኮሻል፣ ሞቆ ሲቆይ ይተዋል። ሰሌዳውን በአልኮል ጥረግ፣ አድርቅ፣ ካልሆነ በፋይበርግላስ ሰሌዳ ቀይር። ብርሃን ተከትላ በአየር ቀዳዳ የምትገባ ትንኝም አለች፤ ሶኬቱ ላይ ሞታ ትከመራለች፣ እርጥበት ትይዛለች። ቀዳዳውን በጥቃቅን የሽቦ ወንፊት ሸፍን።

የጊሽ_ዓባይ፦
ማታ ማታ ብቻ የሚመጣ ልዩነትም አለ። መብራት ከ220 ወደ 190 ሲወርድ 6.3 ቮልት የነበረው ሂተር (የቫልቩ ማሞቂያ) 5.4 ይሆናል። ጤነኛ ቫልቭ ብዙም አይሰማውም፣ ያረጀው ግን መጀመሪያ ይደክማል፣ ልዩነቱ ያኔ ይወጣል። እንዲህ የሆነበት ሰው ማታ ላይ የሂተሩን ቮልት ለክቶ፣ ቫልቮቹን አለዋውጦ ይየው። ድክመቱ ከቫልቩ ጋር ከሄደ ያኔ ቫልቭ ይገዛል።

ሽምብጥ፦
ብየዳው ታደሰ፤ ግራ 10.7፣ ቀኝ 10.8። ቮልዩሙ ሩብ ዙር ላይ ሲሆን ግን የ2.2 ዴሲቤሉ ልዩነት እንዳለ ነው፣ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚደመጠው እዚያ ላይ ነው። ባላንስ የሚባለውን ቮልዩም ልጨምር?

የጊሽ_ዓባይ፦
ጨምር። ቀላሉ መንገድ ነው።

ሽቦና_ሊድ፦
እኔ አልጨምርም። የዚህ ቮልዩም ልዩነት ቋሚ አይደለም፤ ሩብ ላይ ቀኝ በ2.2 ይበልጣል፣ ግማሽ ላይ ግራ በ0.25 ይበልጣል። ባላንሱን ሩብ ላይ ብታስተካክለው ግማሽ ላይ ታበላሸዋለህ፣ ድምፅ በቀየርክ ቁጥር ሁለት ማዞሪያ ልትነካ ነው።

እውነተኛው ጥያቄ፣ ለምን ሩብ ዙር ላይ ታደምጣለህ የሚለው ነው። 55 እጥፍ ለስልክ ወይም ለቴፕ እጅግ ብዙ ነው። ፓወር አምፕ ሙሉ ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ 1 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፣ ስልኩ ራሱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ማጉላቱን ቀንስ፣ ማዞሪያው በራሱ ወደ መሐል ይመጣል፣ መሐል ላይ ደግሞ ቮልዩምህ ጥሩ ነው።

ሁለቱንም 22 ማይክሮፋራድ አውጣቸው፣ ከሁለቱም ቻናል። ጥፋት የነበረው አሁን በሁለቱም በኩል ሆን ተብሎ ሲደረግ መፍትሔ ነው፦ 5.2 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ማዛባቱም ይቀንሳል። ከዚያ በመውጫው 470 ኪሎ ኦም ፋንታ 22 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ 10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ አድርግ፣ 1 በመቶ ሜታል ፊልም። የፓወር አምፕህ መግቢያ 47 ኪሎ ኦም ከሆነ 11.3 ዴሲቤል ይቀንሳል። በጠቅላላ 16.5። ቮልዩምህን እይ፦ ከሩብ ወደ ግማሽ ዙር ያለው ርቀት 16 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሩብ ላይ ትሰማው የነበረውን ግማሽ ላይ ታገኘዋለህ። ማካፈያውን መውጫው ላይ ያደረግሁት የቫልቩን የራሱን ሽውታም አብሮ ስለሚቀንስ ነው።

ጣና_ዳር፦
እስማማለሁ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የካቶዱ ካፓሲተር ሲወጣ ከሂተር ወደ ካቶድ የሚሾልክ የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ከበፊቱ ይበልጥ ይሰማል። በዚያ ላይ ፎሎወሩ ካቶድ 167 ቮልት ላይ ነው፣ ለኢሲሲ83 በካቶድና በሂተር መካከል የተፈቀደው 180 ነው። ጠርዝ ላይ ነህ። ሁለቱንም በአንድ ሥራ ፍታ፦ ከ250 ቮልቱ 330 ኪሎ ኦም አውርድ፣ ከእሱ 100 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ፣ በ100ው ላይ 22 ማይክሮፋራድ 100 ቮልት ካፓሲተር። መጋጠሚያው 58 ቮልት ገደማ ይሰጥሃል። ያንን በሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ወደ ሂተሩ ሁለት ሽቦዎች አድርስ። ሂተሩ ሌላ ቦታ ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ከሆነ መጀመሪያ ቁረጠው፣ አለዚያ 58 ቮልቱ ፈጽሞ አይነሣም።

ዘጌ_ማዶ፦
ከዚሁ ሳንወጣ፣ በኢሲሲ83 ፋንታ የሩሲያውን 6ኤን2ፒ መሰካት ይቻላል? የቫልቩ የራሱ ማጉላት ያው 100 ነው ይባላል።

ጣና_ዳር፦
ማጉላቱ ያው ነው፣ ሂተሩ ግን ሌላ ነው። የ6ኤን2ፒ ሂተር 6.3 ቮልት በፒን 4 እና 5 መካከል ነው፣ ፒን 9 መከለያ ነው። ሶኬትህ ለኢሲሲ83 በ6.3 ከተሠራ 4 እና 5 አንድ ላይ ታስረዋል፤ ሲሰካ አይበራም። በ12.6 ከተሠራ ደግሞ እጥፍ ቮልት ገብቶበት ይቃጠላል። ሶኬቱን እንደገና ሳትበይድ አትሰካ።

ሽምብጥ፦
ሁሉም ተሠራ። ካፓሲተሮቹ ወጡ፦ ማካፈያው ከመግባቱ በፊት ግራ 5.9፣ ቀኝ 6.0። ከገባ በኋላ ማዞሪያው ግማሽ ዙር ገደማ ላይ ነው የሚደመጠው፣ ዘፋኙ መሐል ላይ ቆሟል። ከፒን 8 እስከ ሂተር ሲለካ 109 ቮልት ያነባል፣ ትክክል ነው?

ጣና_ዳር፦
167 ሲቀነስ 58፣ 109። ትክክል ነው፣ ክዳኑን ግጠም።